ነገሌን ማን አዘላት?

ነገሌ ቦረና የገባነው ከቀትር በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የሐገረ ሰላምንና የቦሬን ጭጋግ አልፈን፣ ክብረ መንግሥት አድረን፣ በማግስቱ ግራርና ቁጥቋጦ ወደሞላበት ቆላ ስንወርድ ጃኬታችንን ተራ በተራ አወለቅን። መናኸሪያው ውስጥ ከአውቶቡሱ ስንወርድ ከፊታችን የነበረች ወጣት እናት ሁለት ፌስታልና አንድ ቢጫ ጀሪካን መሬት ላይ አስቀመጠችና የታቀፈችውን ሕፃን ለአንዳችን አቀበለች። ፈቃዳችንንም አልጠየቀች። እኛ ልጁን እንደ እንቁላል ይዘን እርስ በርስ ስንተያይ እሷ ጎንበስ አለች፣ ልጁን ከእጃችን ወስዳ ጀርባዋ ላይ አስተኛችው፣ ነጠላዋን ጣል አደረገችበት፣ ደረቷ ላይ ሸብ አድርጋ ቋጠረችው። ፌስታሎቹን በአንድ እጇ፣ ጀሪካኑን በሌላኛው አንጠልጥላ ሄደች። ቢበዛ አስር ሰከንድ ቢፈጅባት ነው። እኛ ሻንጣችንን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ለማስወረድ ሃያ ደቂቃ ፈጀብን።

እውነቱን ለመናገር ነገሌ የሄድነው ስለ ማዘል ልንጽፍ አልነበረም። ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን ሰዎች ነንና ፍለጋችን "ትልቅ ታሪክ" ነበር። ነገሌ ደግሞ ትልቅ ታሪክ አላት፤ ጄኔራልና ጦርነት፣ አመፅና አብዮት ያለበት ታሪክ። ግን ሦስት ቀን በከተማዋ ስንዞር ዓይናችን ከሴቶቹ ጀርባ ላይ አልነሳ አለ። ገበያ ውስጥ፣ ውሃ ቦታ፣ ሻይ ቤት፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በሄድንበት ሁሉ አንድ ትንሽ ጭንቅላት ከአንድ ጨርቅ ውስጥ ብቅ ብሎ ያየናል። ታዲያ አንድ ጥያቄ መጣብን። እነዚያ ሁሉ ጄኔራሎች ነገሌን ያዟት፣ ለቀቋት፣ አመፁባት እንበል። ያዘላትስ ማን ነው?

ቃሉ ያዘለው

እስቲ ከቃሉ እንጀምር። አማርኛችን "አዘለ"ን ለልጅ ብቻ አይጠቀምበትም። ደመናው "ዝናብ ያዘለ" ነው። ንግግሩ "ቁም ነገር ያዘለ" ነው። መምህሮቻችን "መልእክት ያዘለ ጽሑፍ ጻፉ" እያሉ ስንት ወረቀት መለሱብን! ልብ በሉ፤ "የተሸከመ ደመና" አንልም። ሸክም ይከብዳል፣ ይጣላል፣ ይራገፋል። የታዘለ ነገር ግን ነፍስ አለው፤ ጊዜው ሲደርስ በራሱ የሚወርድ ነው። ግእዙ "ሐዘለ" ይላል፤ ትግርኛ ደግሞ የማዘያውን ቆዳ "ማሕዘል" ብሎ ከዚያው ሥር ያወጣዋል። የአማርኛው መጠሪያ "አንቀልባ" ነው። ያልበሰለ ሰው "ገና ከአንቀልባ ያልወረደ" ይባላል። የሚያሞላቅቀን አለቃ ካለ (ለእኛ እስካሁን አልገጠመንም) "እሹሩሩ ይላቸዋል" ተብሎ ይታማል። እሹሩሩ የሚባለውም ልጅን ጀርባ ላይ አዝሎ እየተወዛወዙ ነው።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። አንድ ሕዝብ ደመናውንና ቁም ነገሩን በዚህ ቃል ከጠራ፣ ድርጊቱ ለእሱ ተራ ነገር አልነበረም ማለት ነው። ሆኖም ቃሉን እንጂ የድርጊቱን ባለቤት የታሪክ መጻሕፍታችን ብዙም አያነሷትም።

ከቆዳ ወደ ጥጥ

የደጋው አንቀልባ ቆዳ ነው። የለፋ ቆዳ፣ በጠፍር ማንገቻ የሚታሰር፣ ለወግ ሲሆን በዛጎልና በጨሌ የሚሽቆጠቆጥ። ዛጎሉ ከሕንድ ውቅያኖስ ተነስቶ ስንት ነጋዴ እጅ አልፎ የአንድ ገበሬ ሚስት ጀርባ ላይ እንደሚያርፍ ስናስብ፣ "ዓለም አቀፍ ንግድ" የሚባለው ነገር አዲስ አለመሆኑ ይገባናል። ያንን ቆዳ ያለፋው ሰው ግን "ፋቂ" ተብሎ ይናቅ ነበር። ነጠላውን የሸመነው ሸማኔም እንደዚያው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሳደብ እንዲቀጣ በአዋጅ እስከማዘዝ የደረሱት ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው? ነገሩ ያስገርማል። ንጉሥም ሆነ ባላገር፣ ሁሉም ሕይወቱን የጀመረው ፋቂ ባለፋው ቆዳ ወይም ሸማኔ በሸመነው ጨርቅ ታዝሎ ነው። ከአንቀልባው ሲወርድ የሠራለትን ሰው ይሰድባል።

ወደ ደቡብ ቆላ ስንወርድ ደግሞ ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዛል። አርብቶ አደሩ ቦረና ከብት እንጂ ጥጥ የለውም። ድሮ የሴቶቹ ልብስም ቆዳ ነበር። ጥጡ የመጣው ከጎረቤት ነው። ከቦረና በስተምዕራብ ባለው ተራራ ላይ እርከን ሠርተው የሚያርሱት ኮንሶዎች (እርከናቸው እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል) ጥሩ ሸማኔዎች ናቸው። የሸመኑትን ወፍራም የጥጥ ልብስ ለቦረና ያቀርባሉ፤ ከቦረና ከብትና ጨው ይወስዳሉ። እርስ በርስ የሚጋጩበት ጊዜ ነበር፤ የሚገበያዩበት ጊዜም ነበር።

ከዚያ አቡጀዲ መጣ። አሜሪካኖች በ19ኛው መቶ ዘመን በመርከብ ወደ ዛንዚባር የሚልኩት ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በስዋሂሊ "መሪካኒ" ተባለ፤ በእኛ በኩል አቡጀዲ የሚባለው ጨርቅ የዚያው ዘር ነው። የዘመኑን የምሥራቅ አፍሪካ ገበያ አጥለቀለቀው። በመጨረሻም ሌሶ (ካንጋ) መጣ። ከሞምባሳና ከዛንዚባር የተነሳው ይህ ባለ ቀለም ጨርቅ ስሙን ያገኘው መሐረብ ከሚለው የፖርቱጋል ቃል ነው፤ ላዩ ላይ የስዋሂሊ ምሳሌያዊ አነጋገር ይታተምበታል። ነገሌ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ልጇን ያዘለችበትን ሌሶ አይተን "ምን ይላል?" ብለን ጠየቅናት። "እኔ ምን አውቃለሁ? ከሞያሌ ነው የመጣው፣ ቀለሙ አይለቅም" አለችን። ትክክለኛ የሸማች መልስ! አንባቢዎቻችን በዚህ ሳቁ እንጂ አትፍረዱባት፤ እናንተም የለበሳችሁትን ቲሸርት ጽሑፍ መተርጎም የምትችሉ ስንቶቻችሁ ናችሁ?

ስለዚህ አንድ የነገሌ ገበያ ውስጥ ብቻ፣ ከደጋ የመጣች እናት በነጠላ ወይም በጋቢ፣ ሌላዋ በሞያሌ ሌሶ፣ ሶማሊዋ በሰፊ ሻርፕ፣ የመንግሥት ሠራተኛዋ ደግሞ ከአዲስ አበባ በገዛችው ባለ ዘለበት ማዘያ አዝለው አየን። የከተማዋን ታሪክ ማወቅ የፈለገ ሰው ሐውልት ከሚፈልግ ጨርቆቹን ቢቆጥር ይሻለዋል። ማን ከየት እንደመጣ ጀርባቸው ላይ ተጽፏል።

ጄኔራሎቹ

አሁን ወደ "ትልቁ" ታሪክ እንሂድ፤ ቃል ስለገባን።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን በደቡብ በኩል በሶማሊያ አድርጎ ሲገባ የጦሩ አዛዥ ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነበር። በእኛ በኩል የሲዳሞው ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው ጦራቸውን አስከትለው በቆላው ወደ ዶሎ ወረዱ። በታኅሣሥ ወር መልካ ዲዳ ላይ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በአውሮፕላን ተደበደበ። በጥር መጀመሪያ የገናሌ ዶርያ ውጊያ ተጀመረ። አውሮፕላን፣ የጦር መኪና፣ የመርዝ ጋዝ፤ በላዩ ላይ የቆላው ጥማት። የራስ ደስታ ጦር ተፈታ። ነገሌ በጥምቀት ሰሞን በጣሊያን እጅ ገባች። ግራዚያኒም "የነገሌ ማርኪስ" የሚል ማዕረግ ተሰጠው። ራስ ደስታ አንድ ዓመት ያህል ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት 1929 ተይዘው ተገደሉ።

ሁለተኛው ታሪክ የመጣው ከ38 ዓመት በኋላ ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ የሰፈረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደሮችና የበታች ሹሞች አመፁ። ምግቡ የማይበላ ሆነባቸው። የራሳቸው የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለ ነገሩን እንዲያጣሩ ከአዲስ አበባ ተላኩ። ወታደሮቹ ያዟቸውና እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፤ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። ወሬው ወደ ሌሎች ጦር ሰፈሮች ተዛመተ። ስምንት ወር ሳይሞላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የኢትዮጵያ አብዮት ከዚህች የቆላ ከተማ በውሃ ጠብ ተጀመረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ በየመጽሐፉ የምታገኙት ይኸው ነው። እኛ ግን መናኸሪያው ላይ ያየናትን እናት ከረሳናት አይሆንም። እንጠይቅ።

በ1928 የዘመተው ጦር ከኋላው ማድ ቤት የጫነ መኪና አልነበረውም። የያኔው የሀገራችን ጦር ሲዘምት ሴቶች አብረው ይዘምታሉ፤ ስንቅ የሚያዘጋጁት፣ ውሃ የሚቀዱት፣ ቁስለኛ የሚያነሱት እነሱ ናቸው። ከእነሱ መካከል ልጅ ያላት ልጇን ለማን ትታ ትዘምታለች? አዝላ ነው የምትሄደው። የጦሩን ሽሽት የሚተርክ ሁሉ ስንት መድፍና ስንት ጠመንጃ እንደተማረከ ይነግረናል። በዚያ ጥማት ውስጥ ስንት ጨርቅ ስንት ልጅ ይዞ እንዳለፈ የቆጠረ የለም።

በ1966ም እንዲሁ። ወታደሩ ውሃ አጥቶ አመፀ፤ እሰየው፤ መብቱ ነው። ጦር ሰፈር ባለበት ሁሉ ግን በዙሪያው ሚስት አለች፣ ጠላ ሻጭ አለች፣ ልብስ አጣቢ አለች። ለወታደሩ የጠፋ ውሃ ለእነሱ ከየት ይመጣል? የእነሱ "አመፅ" በየማለዳው ጎሕ ሳይቀድ ልጅ አዝሎ ውሃ ፍለጋ መሄድ ነበር። ጄኔራል ይዞ ውሃቸውን የሚያጠጣላቸው አልነበረም።

በቦረና ምድር ውሃ የማውጣት ሥራ ራሱ ታላቅ ትዕይንት ነው። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥ ወንዶች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን በእጅ ቅብብሎሽ ለከብቱ ያወጣሉ። የጎብኚዎች ካሜራ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ለቤት የሚሆነው ውሃ ግን በሴቷ ነው የሚገባው። እሱን ፎቶ የሚያነሳ ብዙም የለም።

ለፍትሐዊነት ሌላውንም እንናገር። ይኸው የቦረና ምድር ለሕፃን የሥልጣን ደረጃ የሰጠ ሥርዓት ባለቤት ነው። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ስመ ጥር ጥናት እንደጻፉት፣ የገዳው መሰላል የሚጀምረው ዳባሌ ከሚባሉት ሕፃናት ነው። በሥልጣን ላይ ያለው ትውልድ ወንዶች ልጆች ናቸው። ፀጉራቸው እንደ ሴት ልጅ ረዝሞ ያድጋል፤ አይቀጡም፤ ሰው ምርቃት ፍለጋ ወደ እናቶቻቸው ይመጣል። ሌሎቻችን ሕፃንን "ገና ከአንቀልባ ያልወረደ" ብለን ስናጣጥል፣ እዚህ አንቀልባ ላይ ያለው የመጀመሪያው እርከን ነው። ለእናቱም ክብር አለ። ብቻ ክብሩ ጀርባዋን አላሳረፈውም።

ፈረንጅ ሲያዝል

ወደ ውጭም እንይ፤ ምክንያቱም አንዳንድ የአዲስ አበባ እናቶች ዛሬ ከማዘል ይልቅ ጋሪ የሚመርጡት ጋሪ "ዘመናዊ" ስለሆነ ነው። ጋሪው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1733 ዊሊያም ኬንት የተባለ እንግሊዛዊ ለአንድ መስፍን ልጆች ፍየል ወይም ትንሽ ፈረስ የምትጎትተው የዛጎል ቅርጽ ያላት ጋሪ ሠራ። መጫወቻ ነበረች። በ19ኛው መቶ ዘመን ንግሥት ቪክቶሪያ የልጅ ጋሪ ሲገዙ የመኳንንት ምልክት ሆነች። የምትታጠፈዋን ቀላል ጋሪ እ.ኤ.አ. በ1965 የፈለሰፈው ኦወን ማክላረን ደግሞ የጦር አውሮፕላን እግር ይሠራ የነበረ መሐንዲስ ነው። እንግዲህ ጋሪ መጀመሪያ የባለጸጋ መጫወቻ ነበር፤ ቀጥሎም ጥርጊያ መንገድ ያለው ከተማ ዕቃ ሆነ። የነገሌን የገበያ መንገድ ያየ ሰው ጋሪ ገፍቶ ይሞክረው! (የቦሌን የእግረኛ መንገድም እንዲሁ።)

በዚያ ላይ "ልጅ በታቀፈ ቁጥር ይበላሻል" የሚል ትምህርት ተጨመረ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሰው ጆን ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ1928 በጻፈው የልጅ አስተዳደግ መጽሐፍ ወላጆች ልጃቸውን እንዳያቅፉና እንዳይስሙ መከረ። ብዙ ሰው አመነው።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። አን ሙር የምትባል ነርስ በ1960ዎቹ በፒስ ኮር ቶጎ ሄዳ እናቶች ልጃቸውን በጨርቅ አዝለው አየች። አገሯ ስትመለስ እናቷ የሰፋችላት ማዘያ "ስናግሊ" ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠራ መብት አገኘ። በጀርመን ኤሪካ ሆፍማን መንታ ወልዳ ቢቸግራት በሜክሲኮ ጨርቅ አዘለቻቸውና እ.ኤ.አ. በ1972 የማዘያ ጨርቅ መሸጥ ጀመረች። በሞንትሪያል ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ በቀን ሦስት ሰዓት ያህል ተጨማሪ እንዲታቀፉ የተደረጉ ሕፃናት በስድስት ሳምንታቸው ከሌሎቹ 43 በመቶ ያነሰ አለቀሱ። ሐኪሞችም ተናገሩ፤ የሕፃን እግር ተጠቅልሎ ቀጥ ብሎ ከሚታሰር፣ እንደ እንቁራሪት ተከፍቶ ጀርባ ላይ ቢታዘል ለዳሌው መገጣጠሚያ ይሻላል አሉ። የነገሌዋ እናት ይህን ሁሉ በአስር ሰከንድ ነው የምታደርገው።

እዚህ ላይ ቆመን "አያችሁ! የእኛ እናቶች ሳይማሩ ያውቁ ነበር" ብለን ጽሑፉን ብንዘጋ ደስ ይለን ነበር። ብዙ ጊዜም እንዲህ እያልን እንዘጋለን። ግን ይህ የጨርቁን ግማሽ ታሪክ ብቻ መናገር ነው።

ጨርቁ ሁለት ጫፍ አለው

በጋምቢያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች፣ እናታቸው ምግብ ስታበስል ጀርባዋ ላይ የሚታዘሉ ሕፃናት ከባድ የሳንባ ሕመም በይበልጥ እንደሚያጋጥማቸው አሳይተዋል። ጢሱ ነው። ጨርቁ ልጁን ከእናቱ ጋር ያቆራኘዋል፤ ማጀቷ ጢስ ከሆነ ከጢሱም ጋር ያቆራኘዋል።

ሌላም አለ። ነገሌ ውስጥ ልጅ ካዘሉት መካከል ራሳቸው ልጆች የሆኑ ብዙ አየን። ስምንት፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ታናሽ ወንድም አዝላ ሱሰኒ ትጫወታለች፤ ትዘላለች፣ ልጁም አብሮ ይዘላል። ያስቃል፤ ፎቶም አንስተናል። ማታ ፎቶውን ስናይ ግን ሰዓቱን አስተዋልን። ረፋድ አራት ሰዓት፣ የትምህርት ቀን። ይህ የቆላ ብቻ ችግር ነው እንዳይባል፣ በአዲስ አበባ ቤቶቻችን ውስጥ የእኛን ታናናሾች ያዘለችው ከገጠር የመጣች ሞግዚት ስንት ዓመቷ ነበር? እኛስ ትምህርት ቤት ስንሄድ እሷ የት ነበረች? የብዙዎቻችን ዲግሪ አንዲት ልጅ ጀርባ ላይ ነው የተጻፈው።

ስለዚህ "ማዘል ኋላ ቀር ነው" የሚለውም፣ "ማዘል ባህላችን ነውና ይከበር" የሚለውም አንድ ነገር ይዘላሉ። ጨርቁን እንጂ የሚያዝለውን ሰው አያዩም። ጥያቄው ይታዘል አይታዘል ሳይሆን ማን ያዝላል የሚለው ነው።

ለዚህ ከሆስፒታል የመጣ አንድ ጥሩ ፍንጭ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ የማሞቂያ ሣጥን ያጠራቸው ሐኪሞች ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በእናታቸው ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ፣ በጨርቅ አሰሯቸው። "የካንጋሮ እንክብካቤ" ተባለ። በእኛም አገር በ1994 ዓ.ም. አካባቢ ዶ/ር ቦጋለ ወርቁና የሥራ ባልደረባቸው አዲስ አበባ ውስጥ ከ2 ኪሎ ግራም በታች በተወለዱ ሕፃናት ላይ አጠኑት። ወዲያው በካንጋሮ ከታቀፉት መካከል የሞቱት 22.5 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው መንገድ ከተያዙት ግን 38 በመቶ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 በአምስት አገሮች የተደረገ ትልቅ ጥናት ወዲያው ከውልደት በኋላ ቢጀመር ሞትን በሩብ እንደሚቀንስ አሳየ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዓመቱ ምክሩን በዚሁ መሠረት አሻሻለ። በእርግጥ ካንጋሮ ፊት ለፊት ነው፣ ማዘል ከኋላ ነው፤ አንድ አይደሉም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ካንጋሮ ጡት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሙቀት ያለው ደረት ነው። አባት አለው። አጎት አለው። እናት ስትደክም አባት ሊታቀፍ ይችላል፤ ሐኪሞቹም ይህንኑ ይመክራሉ።

ሕጋችን ግን አባትን እንዴት ያየዋል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወለደች እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሰጠ። ለአባትስ? ሦስት ቀን! አንዱ ቀን ለገንፎው፣ አንዱ ቀን ለእልልታው፣ አንዱ ቀን ለእንኳን ማርያም ማረችሽ ባይ እንግዳ ወንበር ለመደርደር። ማዘል የሚለማመድበት ቀን የለም።

አስር ሰከንድ

ያረፍንበት አልጋ ቤት ባለቤት የልጅ ልጃቸውን ቀኑን ሙሉ ያዝላሉ። በሦስተኛው ቀን ማታ ስለምንጽፈው ነገር ስናጫውታቸው ሳቁብን። "ልጆቼ፣ ይኼም ይጻፋል እንዴ?" አሉ። ከዚያ ከመካከላችን አንዷን አስነሱና ሕፃኑን ሰጧት። ጎንበስ አለች፤ ልጁ ወደ ግራ ተንሸራተተ። ነጠላውን ወረወረች፤ ፊቱን ሸፈነችው። "ፊቱን ግለጪው እንጂ! እንዲተነፍስ!" ደግማ ሞከረች፤ ቋጠሮው ላላ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረች ልጅ ናት። እማማ ተስፋ ቆረጡና ወደ ወንዱ ጓደኛችን ዞሩ። "አንተስ?"

በሩ ላይ የቆመችው የጎረቤት ልጅ "ወንድ ያዝላል እንዴ?" ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ጓደኛችን ግራ ቀኝ አየ። መውጫ የለም። ጎንበስ አለ። እማማ ልጁን ጀርባው ላይ አስተኙት፣ ነጠላውን አለበሱት፣ ቋጠሮውን ራሱ እንዲቋጥረው አዘዙት። ቋጠረው። ቀስ ብሎ ቀና አለ። ጎረቤቶች ሊያዩ ተሰበሰቡ፤ አንዱ ጎልማሳ "አይ የዘንድሮ ወንድ!" አለ፤ ሴቶቹ ግን እንዲቀመጥ አልፈቀዱለትም። "እየተወዛወዝክ! ዝም ብለህ አትቁም!"

ሕፃኑ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተኛ። ጓደኛችን እንዳይነቃበት ፈርቶ ለአንድ ሰዓት ከግቢው በር እስከ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት እስከ በሩ ተመላለሰ። እማማም ለአንድ ሰዓት ተቀመጡ። ቡናቸውን ሦስቱንም እስኪጨርሱ አልተነሱም። "ጀርባዬ ቀለለኝ" አሉ፤ ሌላ አልተናገሩም።

ወዳጆቻችን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቤተሰብ ስትጠይቁ አንድ ነገር ጠይቁልን። "እኔን ያዘለኝ ማን ነበር?" በሉ። አብዛኞቻችሁ ከአንድ በላይ ስም ትሰማላችሁ፤ እናት፣ አያት፣ አክስት፣ ታላቅ እህት፣ ስሟ የተረሳ ሞግዚት። ስሟ ከተረሳ እስኪታወስ ድረስ ጠይቁ። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለና እናንተ ወንድ ከሆናችሁ ደግሞ ነጠላው በሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ አስር ሰከንድ ነው።

ቸር ይግጠመን።